የዙር ስንቅ

ጥያቄ ሲጠየቅ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይወጣል። ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ፤ ዛሬ ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ እንኳ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን የምናገረው እኔ ነኝ። ሰው ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በ1976 ዓ.ም. ግን ይኸው አመሌ የፊዚክስ መምህሬን ከሥራቸውም ከቤታቸውም ሊያፈናቅላቸው ምንም አልቀረውም ነበር።

ያን ዓመት ፍኖተ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የወላጆቼ ቤት ከቡሬ ወዲህ፣ ከመኪናው መንገድ አንድ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ነው። አባቴ ሙሉሰው ሲቆጣኝ በአገውኛ፣ ሲያባብለኝ በአማርኛ የሚናገር ገበሬ ነበር። ፍኖተ ሰላም እኔና ገላነሽ የምትባል የክፍሌ ልጅ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ቅዳሜ እህል በጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥዬ አገሬ እገባለሁ፤ እሑድ የሳምንት ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ እናቴ ደስ ካላት ደግሞ በሶ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል፤ ዓርብን እንደምንም ማለፍ ነው።

መምህሬ ጋሽ ገደፋው የፈረስ ቤት ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እሳቸውን ለመስማት ወሬውን ማቆም ነበረበትና ክፍሉ ያለ ቁጣ ጸጥ ይል ነበር። ቤተ ሙከራ የምንለው አንድ ክንዱ የተሰበረ ሚዛን፣ ሁለት ማግኔትና ቁልፉ የጠፋ ቁም ሣጥን ነው። እሳቸው ግን ተማሪ በዓይኑ ያላየውን ነገር ማስተማር አይወዱም። ስለ አየር ግፊት ሲያስተምሩን የጠርሙስ ቡሽ ተስፈንጥሮ ግንባራቸውን መቷቸው፣ አብጦ ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አስተምረውናል።

ኅዳር ላይ ስለሚሽከረከር ነገር የሚያስተምረው ምዕራፍ ደረሰ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «አንጉላር ሞመንተም» ይለዋል። ትርጉሙን እንደ ዜማ በቃላችን ያዝነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን የገባው አንድም ሰው አልነበረም። ጋሽ ገደፋው ቃላችንን ሰምተው ሲጨርሱ «ጎሽ» አሉንና ፊታቸው ዳመነ። በማግስቱ የብስክሌት ጎማ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ።

ጎማው የመሐመድአወል ነው። መሐመድአወል ገበያው ዳር ብስክሌት በሰዓት የሚያከራይ፣ ሲያከራይም ሲጠግንም ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር። ጋሽ ገደፋው በጎማው መሃል በሚያልፈው ብረት፣ በፔርኖው፣ ግራና ቀኝ የእንጨት እጀታ ገጥመውበታል። ከወደቀ የጭነት መኪና የተፈታ፣ ውስጡ የብረት ኳስ ያለበት ትልቅ ኩሽኔታም አግኝተው በሁለት ጣውላ መካከል አስገቡት፤ ላይኛው ጣውላ ላይ በርጩማ ቸነከሩበት። በርጩማው ላይ የተቀመጠ ሰው በትንሽ ግፊት ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ከክፍሉ ቀላሏ እኔ ስለነበርኩ እኔን አስቀመጡኝ።

ጎማውን አግድም ይዘው በእጃቸው አሽከረከሩት፤ ከዚያ ሲዞር ሳለ እጀታውን አስያዙኝ። አንዱ እጀታ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሆኖ ነው የያዝኩት። «እግርሽን ከመሬት አንሺ። አሁን ገልብጪው፤ የላዩን ወደ ታች አድርጊ» አሉኝ። ገለበጥኩት። በርጩማው የአንድ ጣት ያህል ነቅነቅ ብሎ ቀረ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ጋሽ ገደፋው አላፈሩም። ጎማውን ወዲያና ወዲህ እያገላበጡ አዩት። «ምን ጎደለው?» ብለው ጠየቁን።

እጄ ወጣ። «ጋሼ፣ ጎማው ቀሎ ነው። የእናቴ እንዝርት ላይ ያለችው ክብ ቀንድ ተሰብራባት በቀላል እንጨት ብትተካት፣ እንዝርቱ ሁለቴ ዙሮ ይቆማል እያለች ስታማርር ሰንብታለች። ዙሪያው ከበድ ሲል ነው ረጅም የሚዞር።»

በፊዚክስ ክፍል እንዝርት ሲነሳ ወንዶቹ እንደገና ሳቁ። እሳቸው ግን ሳይስቁ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «እንዝርት» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ሁለት መስመር አሰመሩበት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ጎማው ሌላ ሆኖ መጣ። አየር የሚይዘውን ካላማዳሪያ ከውስጡ አውጥተው፣ በምትኩ ስስ ፌሮ ብረት ሦስት ዙር ጠቅልለው፣ ጎማውን ከላይ መልሰው አልብሰውታል። ሳነሳው ክንዴን ወደ ታች ጎተተው።

አሁን ገመድ ጠቅልለው በኃይል ስበው አሽከረከሩት። ጎማው እጄ ላይ ያጓራል። ልገለብጠው ስል እንቢ አለኝ፤ እንደ ሕያው ነገር ወደ ጎን ይጎትተኝ ጀመር። ጥርሴን ነክሼ ገለበጥኩት። ያኔ ሰሌዳው ሄደ፣ መስኮቱ መጣ፣ የገላነሽ የተከፈተ አፍ መጣና አለፈ፤ ማንም ሳይነካኝ ዞርኩ። መልሼ ስገለብጠው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አንዱ ልጅ «በስመ አብ!» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ሁሉም «እኔ፣ እኔ» እያለ ተጋፋ።

ጋሽ ገደፋው ሁሉም ተራ እስኪያገኝ ጠብቀው እንዲህ አሉን። «ዙር ስንቅ ነው። ከቤት ተሸክማችሁ እንደምትመጡት ያለ። እኔ ጎማውን ሳሽከረክረው ስንቅ ሰጠሁት። ይቺ ያይኔአበባ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ የራሷ የዙር ስንቅ አልነበራትም። ጎማውን ስትገለብጠው ግን ጎማው ወደዚያ የተገለበጠበትን ያህል እሷ ወደዚህ መዞር ነበረባት። የጎማውንና የእሷን ደምሩት፤ መጀመሪያ እኔ የሰጠሁት ነው፤ አልጨመረም፣ አልጎደለም። እርስ በርስ መከፋፈል ይቻላል። ድምሩን ለመለወጥ ግን ከውጭ የሚነካ እጅ ያስፈልጋል።» በመጨረሻ ለምን እንደሚቆም ጠየቅናቸው። «ኩሽኔታውና ነፋሱ ከውጭ ሆነው ቀስ በቀስ ይቀሙታል» አሉ።

ገባን። ስንቅን የማያውቅ ማን ነበርና። እኔማ እንደዚያ ቀን በትምህርት ተደስቼ አላውቅም፤ ማታ ለገላነሽ በወንፊት ደጋግሜ ሳስረዳት መብራቱን አጥፍታብኛለች።

ጣጣው የመጣው በሳምንቱ፣ ረቡዕ፣ በፖለቲካ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው።

የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምረን ጓድ ቢሰጥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። የሦስት ወር ሥልጠና ጨርሶ የመጣ፣ ከእኛ በስድስት ዓመት ቢበልጥ ነው። የተማረውን ከተባዛ ወረቀት ላይ ቀና ሳይል ያነብልናል። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር የተነሳ እንደሆነ ግንባሩን ያልበዋል። ያን ዕለት «የማንኛውም እንቅስቃሴና ለውጥ ምንጭ በነገሩ ውስጥ ያለው ቅራኔ ነው፤ የውጭ ኃይል መሠረታዊ አይደለም» ብሎ አነበበና፣ «ይህን በምሳሌ የሚያስረዳ ማነው?» አለ። አንዱ ስለ ዘር፣ አንዱ ስለ እርሾ እንዲናገርለት ነበር የጠበቀው።

የእኔ እጅ ወጣ።

«ጓድ መምህር፣ እንዲያስ አይዶለም። ከውስጥ መከፋፈል ነው እንጂ ድምሩ አይለወጥም። ለውጥ ከውጭ ነው የሚመጣው።»

«ማን እንዲህ አለሽ?»

«ጓድ ገደፋው። በጎማ አሳይተውናል።»

ጓድ ቢሰጥ ግንባሩን ጠረገ። «ለውጥ ከውጭ ነው የሚመጣው ብለው አስተማሩ?»

«አዎ ጓድ!» አልኩ፣ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ። ገላነሽ ከዴስኩ ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ዘግይታ ነበር። ቢሰጥ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ የተናገርኩትን ቃል በቃል ጻፈው።

ዛሬ ሲወራ ቀልድ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን «ለውጥ ከውጭ ነው» ብሎ ማስተማር፣ አብዮቱ ከሕዝቡ አልፈለቀም፣ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ እንደማስተማር ሊቆጠር ይችል ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሌላ ነገር «ማብራሪያ ስጥ» የተባለ አንድ የታሪክ መምህር ነበረን። ማብራሪያውን በሰጠ በአሥራ አምስት ቀኑ ከዓባይ ማዶ ወደ ሩቅ ቆላ ተዛወረ፤ አልጋውን ለጎረቤት ሰጥቶ ነው የሄደው። ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ገደፋው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመምህራን ስብሰባ ማብራሪያ እንዲሰጡ መታዘዛቸውን፣ ከአውራጃም አንድ ካድሬ እንደሚመጣ ሰማን። ገላነሽ እንጀራ እየቆረሰች «ምላስሽን ቆርጦ የሚጥልልን የለም!» አለችኝ። 

ከትምህርት እንደወጣሁ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ገደፋው ጓሮ እንጨት ይፈልጡ ነበር። ሲያዩኝ መጥረቢያውን ተመርኩዘው ቆሙ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። «ነገ፣ ‹አልገባኝም ነበር፣ ተሳስቼ ነው የተናገርሁ› እላቸዋለሁ።»

«ተሳስተሽ ነበር?» አሉኝ።

«አልተሳሳትሁም።»

«እንግዲያ የማታምኝውን አትበይ። ጎማውን እናሳያቸዋለን። አይተው የሚሉትን እንሰማለን።» ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ፤ እጃቸው ግን የመጥረቢያውን እጀታ ደጋግሞ ያሻሽ ነበር። መፍራታቸውን ያወቅሁት ከዚያ ነው።

ስወጣ አጥሩ በር ላይ ባለቤታቸው ደረሱብኝ። እትዬ ወለተ ሐና ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ጤና ረዳት ናቸው፤ ነጩን ጋዋን ገና አላወለቁም። መንገዱን ዘግተው ቆሙ።

«ያይኔአበባ የሚሉሽ አንች ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሰማሁሳ ዝናሽን። ለምን እንዲህ አደረግሽ ብዬ አልቆጣሽም፤ ልጅ ነሽ። ግን ስሚኝ። አራት ዓመት ሙሉ እሱ እዚህ፣ እኔ ደጀን ሁኜ ነው የኖርነው። ክረምት አንድ ጊዜ፣ ፋሲካ አንድ ጊዜ ነው የምንገናኘው። ማመልከቻ ስጽፍ እጄ ዝሎ፣ ይኸው አንድ ቤት ከገባን ገና ስምንት ወራችን። ነገ እሱን ቢያዛውሩት እኔን አብረው አያዛውሩኝም።» ወደ ጓሮው መለስ ብለው አዩ። «እሱ እውነቱን ከመናገር አይመለስም፤ አውቀዋለሁ። አንች ግን ከጠየቁሽ ከውስጥ ነው በያቸው። አንዲት ቃል ናት። ተማሪዋ እራሷ እንዲህ ካለች ክሱ ይወድቃል። ምንም አያደርጉሽም።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት። እስከ ቤቴ ድረስ «ከውስጥ ነው፣ ከውስጥ ነው» እያልኩ ተለማመድኩ።

ዓርብ ስብሰባው የተደረገው በእኛ ክፍል ነው። ሃያ የሚሆኑ መምህራን በተማሪ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። እኔ ከበሩ አጠገብ በርጩማውን ይዤ ቆምኩ። በመስኮቱ በኩል ከግቢው ዛፍ ሥር አንድ ነጭ ጋዋን ይታየኛል፤ እትዬ ወለተ ሐና ሥራ ጥለው መጥተዋል።

ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ጓድ ሃይለ ሚካኤል ይባላል። ወፍራም፣ አቧራ የለበሰ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር። ቢሰጥ ከደብተሩ ክሱን አነበበ።  ካድሬው እስከ መጨረሻው ሰማና ዓይኑን አሻሽቶ፣ «ጎማው የታለ?» አለ።

ጋሽ ገደፋው ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ በርጩማውን መሃል ላይ አስቀመጡ። ተቀመጥኩ። ገመዱን ስበው ጎማውን አሽከረከሩና አስያዙኝ። እግሬን አነሳሁ፤ ገለበጥኩ፤ ዞርኩ።

ካድሬው ከመቀመጫው ተነሳ። እንቅልፉ ጠፋ። «ቆይ! ቆይ!» እያለ መጣና ጎንበስ ብሎ ከበርጩማው ሥር አየ። «ገመድ የለውም?» «የለውም ጓድ።» «ሞተርስ?» «የለውም።» ወለሉን በእጁ ዳበሰ። መልሼ እንድገለብጥ ነገረኝ፤ ቆምኩ። እንደገና እንድገለብጥ ነገረኝ፤ ዞርኩ። ይህን ጊዜ ቀና ብሎ በሁለት እጁ አጨበጨበ።

«ታዲያ ምኑ ነው ክሱ? ማን ነካት? ማንም! ራሷ ከራሷ ጋር ታገለች፤ ከውስጥ ተነሳች፤ ዞረች! ጓዶች፣ እኔ በሥልጠና ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ግልጽ ማስረጃ አላየሁም!»

ከኋላ አንድ ሁለት መምህራን አጨበጨቡ። ቢሰጥ የደብተሩን ገጽ ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ፤ ፊቱ ላይ የታየው እፎይታ ነበር። እሱም ለካ ሁለት ሌሊት አልተኛም።

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «እስኪ አንቺ ተናገሪ፣ ልጄ። ይህን ነገር ያነሳሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። አሁን የዞርሽው ከየት በመጣ ኃይል ነው? ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ?»

በርጩማው ገና ቀስ እያለ ይዞር ነበር። ሰሌዳው አለፈ፤ ቢሰጥ አለፈ፤ መስኮቱና ነጩ ጋዋን አለፉ፤ ጋሽ ገደፋው መጡ። አፌን ከፈትኩ።

«ከውስጥ ነው፣ ጓድ።»

የተናገርኩት እኔ አልነበርኩም። ጋሽ ገደፋው ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ብሎ እስከ ኋላ ተሰማ። «ከውስጥ ነው። ተማሪዋ ያን የተናገረችው እኔ በደንብ ስላላስረዳሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አርማለሁ።»

«ይኸ ነው ግለ ሂስ!» አለ ካድሬው። ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ጎማው በፖለቲካ ትምህርትም እንዲታይ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ሻይ መጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር አልቆ ሰዎች ስለ ገብስ አጨዳ ያወሩ ነበር። እኔ በርጩማው ላይ የቆመውን ጎማ ታቅፌ ቀረሁ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። የማታምኝውን አትበይ ያሉኝ እሳቸው! ሰኞ ዕለት ተማሪው ሁሉ ሰምቷል። ጋሽ ገደፋው በኮሪደሩ ሲያልፉ ወንዶቹ ከኋላቸው «ከውስጥ ነው!» እያሉ ይንሾካሾካሉ። እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ክፍል ገቡ፣ ጠመኔያቸውን አነሱ፣ ዝግ ባለው ድምፃቸው አስተማሩ። ያን ቀን ጸጥ ያለላቸው የለም። ያን ሳይ ደግሞ ንዴቴ ወደ ልጆቹ ዞረ፤ አንዱን በደብተር ጭንቅላቱን መታሁት።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ጋሽ ገደፋው ጎማውን ለመሐመድአወል ስንመልስ እንዳግዛቸው ጠየቁኝ። አንዱን እጀታ እሳቸው፣ አንዱን እኔ ይዘን በገበያው መንገድ ወረድን። ምላሴ ደግሞ ዝም ማለት አልቻለም።

«ጋሼ፣ ዋሹ። ስንቁን ለጎማው የሰጡት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«አዎ፣ ዋሸሁ» አሉኝ። እኔ ምክንያት ሲደረድሩ ልከራከራቸው ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምከራከረው ነገር አጣሁ።

መሐመድአወል ጎማውን ተቀብሎ ሲያነሳው ክብደቱ አስደነገጠው። «ኧረግ! ጓድ መምህር፣ ጎማዬ ተምሮ እንዲህ ከበደ? ለመሆኑ አለፈ ወይስ ወደቀ?» አለ።

«በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ» አሉት ጋሽ ገደፋው። ሦስታችንም ሳቅን። ፌሮውን አውጥተው ካላማዳሪያውን ሲመልሱ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

ስንመለስ ከድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸው ገና የጎማ ጥቁረት አለበት።

«ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ አጥሩ ጋ ያለችሽን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «እሺ ያልሻትንም ሰምቻለሁ። ዓርብ በርጩማው ላይ አፍሽን ስትከፍች አየሁና፣ ይች ልጅ ለእኔ ብላ ልትዋሽ ነው አልኩ። የምታውቂውን ነገር በገዛ አፍሽ ስትክጂ፣ ያውም በእኔ ምክንያት፣ መስማት አልቻልኩም። ስለዚህ ቀደምኩሽ። እኔ ምንም አልሆንም፤ ልጆቹ አንድ ወር ስቀው ይተዉኛል። አንች ግን እውነቱን አልካድሽምና እንዳለ ይዘሽው ቅሪ።» ዓይናቸው ውኃ አቀረረ። «‹ከውስጥ ነው› ልትይልኝ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ይህን እስክሞት አልረሳልሽም።»

ልልላቸው አልነበረም።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ካድሬው ሲጠይቀኝ የአጥሩን በር ረስቼዋለሁ። እሺ ማለቴን ረስቼዋለሁ። መንገድ ሙሉ የተለማመድኳትን ቃል፣ ስምንቱን ወር፣ ከመስኮቱ ማዶ የቆሙትን ሴትዮ፣ ሁሉን ረስቼዋለሁ። ጥያቄ ተጠየቀ፤ መልሱን አውቀዋለሁ፤ በቃ። ምላሴ ላይ የነበረው «ከውጭ ነው ጓድ፣ ጎማውን መጀመሪያ ያሽከረከሩት እሳቸው ናቸው» የሚል ነበር። ያውም በደስታ። ጋሽ ገደፋው አንዲት እስትንፋስ ቢዘገዩ ኖሮ በገዛ ተማሪያቸው አፍ አልቆላቸው ነበር።

አሁን ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። እሳቸው በምስጋና ያዩኛል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ከመስጠቴ በፊት አሰብኩ።

«ምንም አይዶለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። ክርስትናዋ ላይ እኔንም ጠሩኝ። ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። እትዬ ወለተ ሐና ልጃቸውን ለጎረቤት አስታቅፈው በሰዉ መሃል ተጋፍተው መጡ፤ ከሁሉም በፊት ለእኔ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። «ለእኛ ያሰብሽልንን እግዜር ይክፈልሽ» አሉኝ። አፌ ሙሉ ነበር። ዋጥኩት።